በግራ እጅሽ ነው አባን የምታስታጥቢ?

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የልጃቸውን ሚስት አይናለምን በደሏት።

ያውም በማኅበራቸው ቀን... ያውም ቤት ሙሉ እንግዳ እያየ... ያውም «ለአባ ክብር» ብለው!

ነገሩ እንዲህ ነው።

አይናለም ወረታ አጠገብ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ስታጭድ ማጭዱ አመለጣት፤ ልትቀልበው ስትል የቀኝ መዳፏን ቀደደው። የሁለት ጣቷ ጅማት ተቆረጠ።

ባሕር ዳር ተወስዳ ተሰፋላት። ከዚያ ፍሬህይወት የምትባል ባለሙያ ተረከበቻት። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ይሏታል... በእኛ አፍ፣ የተጎዳ እጅን ወደ ሥራው የምትመልስ ማለት ነው።

ፍሬህይወት ከክንዷ እስከ ጣቷ ጫፍ የሚይዝ የፕላስቲክ መደገፊያ ሠራችላት።

«እኔ ሳልፈቅድልሽ እንዳትፈቺው። የተሰፋው ጅማት ገና አልጠናም። ከባድ ነገር ከያዝሽበት ይበጠሳል... ከተበጠሰ ጣትሽ አይታጠፍልሽም።»

አይናለም ፈራች። ስትተኛ እንኳ እጇን ትራስ ላይ አስተኝታ እንደ አራስ ልጅ ትጠብቀው ጀመር።

አማቷ ግን ጠዋት ማታ ያው ነበሩ።

«ይኸ ነገር መቼ ነው የሚወልቅ? ላሟን ማን ይለባት?»

የማኅበሩ ቀን ደረሰ። ቤቱ ሞላ። የነፍስ አባታቸው አባ ተክለ ሃይማኖትም ከመደቡ ላይ ተቀመጡ።

እንግዳ ማስታጠብ የምራት ሥራ ነው። አይናለም ጆጉን በግራ እጇ ይዛ ወደ አባ ጎንበስ አለች...

«በግራ እጅሽ ነው አባን የምታስታጥቢ?!»

እንግዳው ሁሉ ዞሮ አያት።

«እማማ፣ ቀኜ እኮ...»

«በሁለት እጅ ነው! ሲያሳድጉሽ አላስተማሩሽም ልበል?»

አባ ራሳቸው እጃቸውን ዘርግተው፣ «ኧረ ተያት! በግራም ቢቀዳ ውኃው ያው ውኃ ነው» አሉ።

ማን ሰምቷቸው?

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የመደገፊያውን ማሰሪያ ጠረር... አድርገው ፈቱት። አፉ ድረስ የሞላውን ጆግ ቀኝ እጇ ላይ ጫኑባት።

የአይናለም ባል ገበያው አየ... አየና አቀረቀረ። የእናቱ ድምፅ ከፍ ሲል አንገት የሚባል ነገር የለውም።

አይናለም መዳፏ ውስጥ አንዳች ነገር ሳብ ሲል ተሰማት።

ጆጉ ወደቀ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የት አባቱ!

ብትሞክረው ትበጥሰው ይሆን? ባትሞክረውስ ተበጥሶ ይሆን? በዚህ እጅ ነው የምታጭደው፣ የምታልበው፣ ነገ ልጅ ብትወልድ የምታቅፈው...

ቀጠሮዋ ሳይደርስ ባሕር ዳር ሄደች። አማቷም፣ «በእኔ ሳታመካኝ ለባለሙያዋ ራሴ ልንገራት» ብለው ተከተሏት።

ፍሬህይወት የሆነውን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። የአይናለምን ጣት መካከለኛው አንጓ ላይ ያዘችና፣

«ጫፉን ብቻ እጠፊው... ቀስ ብለሽ» አለቻት።

መሀል ጣቷ ታጠፈ።

የቀለበት ጣቷ... ምንም።

«እንደገና።»

ምንም።

አይናለም ዓይኗን ጨፈነች።

«እንደገና። አትታገዪው...»

ነቅነቅ አለ!

በጣም ትንሽ... ግን ነቅነቅ አለ።

«አልተበጠሰም» አለች ፍሬህይወት ትንፋሿን እየለቀቀች። «ግን ተስቧል። መደገፊያው ገና ይቆያል።» ወደ አማቷም ዞር ብላ፣ «እማማ፣ አዲስ ማሰሪያ እስካመጣ ክንዷን ይደግፉልኝ» አለች።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ በግራ እጃቸው ያዙ።

«በሁለት እጅ ነው እኮ፣ እማማ» አለች ፍሬህይወት።

ቀኝ እጃቸውን ከነጠላቸው ውስጥ እየከበዳቸው አወጡት። ሁለት ጣታቸው መዳፋቸው ላይ ታጥፎ ቀርቷል፤ አይዘረጋም።

አይናለም ይህን እጅ ታውቀዋለች። ቤተሰቡ ሁሉ «ቁርጥማት ነው» ሲል ሰምታለች።

ፍሬህይወት ግን መዳፋቸውን ገልበጥ አድርጋ የቆየውን ጠባሳ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ይኸ ቁርጥማት አይደለም። ይኸ የስለት ነው፤ ጣትዎን ስቦ ያስቀረው ጠባሳው ነው።»

እጃቸውን ወደ ነጠላቸው ሊመልሱ ቃጡና ተዉት።

«ማጭድ ነው» አሉ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ። «ሙሽራ ሆኜ። አማቴ በጨርቅ ጠቅልላ በማግሥቱ ወተት አስናጠችኝ። ማንም ‹ተቀመጪ› አላለኝም።»

የአይናለምን መደገፊያ አዩና እንባቸው መጣ።

«ይኸን ፕላስቲክ ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ሲቃጠል ነው የከረመ፣ ልጄ። ያን ቀን ማሰሪያውን የፈታው ቅናቴ ነው... አባን ምክንያት አደረግኋቸው። ይቅር በይኝ።»

ወገኖቼ... እኛ የተበደልነውን «ወግ ነው» ብለን ለምራታችን የምናወርስ ስንቶች ነን? እኔን ማን አዘነልኝ እያልን ሌላውን ማሳመም ክብር አይባልም። ሕመሙን የምናውቀው እኛ ካላቆምነው ማን ያቆመዋል?

እናንተ በአይናለም ቦታ ብትሆኑ ይቅር ትሏቸው ነበር ወይስ አትሏቸውም? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... ግን መጀመሪያ እሷ ያለችውን አንብቡ።

እንባዋን ጠረገች። ከታካሚው ወንበር ላይ ተነሣች። እንዲህም አለቻቸው፦

«ይቅርታውን እያደር እናየዋለን፣ እማማ... ገና ያመኛል። ግን ማንም ‹ተቀመጪ› አላለኝም አሉ አይደል? ይኸው እኔ አልሁዎት። ይቀመጡና እጅዎን ያሳዩ።»