ፊት የሌለው ሥዕል

ሩመይሳ ስለ አገሯ ጥበበኞች ለልጆች የሣለችውን መጽሐፍ ለአክስቷ ለዓፊያ አቀብላ ዓይን ዓይኗን ታያት ጀመር። ዓፊያ ካልፈቀደች ወደ ማተሚያ ቤት አትልከውም። ባሕር ማዶ ተምራ ወደ ከሚሴ ከተመለሰች ወዲህ ሃይማኖት የደፈረች እንዳትመስል ትሠጋ ስለነበር፣ ስፌት የምትሰፋዋን አክስቷን ከጀርባዋ ብቻ ነበር የሣለቻት።

ዓፊያ የጀመረችውን ሰፌድ አስቀምጣ ገጹን በጣቷ ዳሰሰች። ስንደዶው፣ ወስፌው፣ ቀዩ አለላ፣ ሁሉም በቦታው ነበር።

«ማሻአላህ፣ ሰፌዱስ የኔው ነው። ፊቴን ምን አደረግሽው?»

«ፊት መሣል ሐራም ነው ትይኛለሽ ብዬ ነዋ፣ አክስቴ።»

«ወላሂ ጉድ ነሽ! አትጠይቂኝም ነበር? ልጆቹ ማን ሰፋው ቢሉሽ ሻሼን ልታሳዪያቸው ነው?» ዓፊያ ሻሿን አስተካክላ ፊቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረች። «በይ ሣዪኝ፤ ጥርሴ መውለቁንም እንዳትደብቂ።»