ከእርሾ የጸዳ ማዕድ

ሐኪሙ የተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «ለስድስት ሳምንት እርሾ ያለበት ነገር አይቅመስ፤ ሽፍታው ይጠፋ እንደሆን እንይ።» ሚስትየው ግን ለባሏ ከሐኪም ቤት ይዛለት የተመለሰችው ሙሉ ሕገ መንግሥት ነው።

የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ሃያ ዓመት ፋይል ላይ ወረቀት ስትለጥፍ ስለኖረች ቤቷም ውስጥ ያልተለጠፈበት ዕቃ የለም። የስኳሩ ጣሳ «ስኳር» ይላል። የጨዉም «ጨው» ይላል፤ ቀምሶ መለየት ለሚያቅተው። የፋብሪካ ጽሑፍ ይዝረከረካል ባይ ናትና የራሷን ነጭ ወረቀት ከላዩ ካልለጠፈችበት እንቅልፍ አይወስዳትም።

በማግስቱ ዳቦ ከቤት ተባረረ። ኮምጣጤ ተከተለው። ሱቅ ስትሄድ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ የሾርባ ቅመሙን፣ የብስኩቱን፣ የሶሱን ጀርባ ታነባለች። «አየህ? እዚህም ገብቷል!» ትለዋለች ባሏን፣ ሌባ እጅ ከፍንጅ እንደያዘ ሰው። ዳቦ የተነጠቀ ገላ እንዳይደክም ብላም ከማዶ ካለው የተፈጥሮ መድኃኒት መሸጫ የኃይል እንክብል ገዛችለት። ሻጯ «እኔ ራሴ እወስደዋለሁ፤ ሰው ያደርጋል» አለቻት። ቤት እንደገባች ጠርሙሱ ላይ ወረቀቷን ለጠፈች፤ «የእሱ ኃይል። ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት።»

ከዚያ ቤተሰቡ የሚወዳቸው እራቶች አንድ በአንድ ተሐድሶ ገቡ። በዳቦ ፍርፋሪ ተለውሶ የሚጠበሰው ዶሮ በተፈጨ ሩዝ ተለወሰ፤ ሲቆረጥ ድምፁን ጎረቤት ይሰማዋል። የፒዛው ሊጥ ቀርቶ በተፈጨ ድንች ተተካ።

«እማዬ፣ ይሄ ፒዛ ነው?» አለች ልጅቷ በሹካዋ እየጎረጎረች።

«ፒዛ ነው። ሳህኑ ላይ ጽፌበታለሁ።»

ባልየው የቀረበለትን ሁሉ ይበላል። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ መንገድ ሲበላሽ ዞሮ ማለፍ እንጂ መጨቃጨቅ አይሆንለትም። ያስቸገሩት እናቱ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ ምላሳቸው ገና ጡረታ አልወጣም።

«ሐኪሜ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልታበይን ነው?» ይላሉ ገበታ ሲቀርብ።

«የሚያድን ነገር፣ እማማ።»

«ተመስገን። እኔ ደግሞ የሚበላ መስሎኝ።»

ሦስት ሳምንት አለፈ። ሽፍታው አልጠፋም፤ እንዲያውም ከክንዱ አልፎ አንገቱ ላይ ወጣ። መዳፉ ተሰነጣጥቆ መሪ መጨበጥ እያቃተው ነበርና ነገሩ የቀልድ አልነበረም። ሹፌር ያለ እጅ ምን ይሆናል? ሚስትየው ሲያክክ ባየችው ቁጥር ሆዷ ይባባል። ሐኪሙ «ከአንድ ቦታ እየገባበት ነው» አለ። ከየት?

በመካከሉ ባልየው ለአምስት ቀን ሩቅ መንገድ ተላከ። እንክብሉን ረስቶ በመሄዱ ሚስትየው ተንገበገበች፤ መሪ ላይ ድካም ቢጥለውስ? ሲመለስ ግን መዳፉ እንደ ሕፃን መዳፍ ለስልሷል።

«የት ስትበላ ሰነበትክ?»

«ያገኘሁበት። ሩዝ፣ እንቁላል። ዳቦ እንደሆነ አልነካሁም።»

ውጭ ሲበላ ይድናል፣ ቤት ሲበላ ይታመማል። ሚስትየው ዞር ብላ አማቷን አየቻቸው። በሦስተኛው ቀን ሽፍታው ሲመለስ ደግሞ ጥርጣሬዋ ሁሉ እምነት ሆነ።

እሑድ አማትየዋ ገላቸውን ሲታጠቡ ቁም ሣጥናቸውን በረበረችው። ከሹራቦቹ ሥር አፉ በጨርቅ የታሰረ ጣሳ አገኘች። ምንም አልተለጠፈበትም። ፈታችው፤ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ወጣ፤ ውስጡ ሊጥ ይንተከተካል።

ምሳ ላይ ጣሳውን ገበታው መሃል ዘጭ አደረገችው።

«ይሄ ምንድን ነው፣ እማማ?»

«እርሾ ነው። ከእናቴ የወረስኩት። አርባ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ።»

«ለልጅዎ ነው የሚጨምሩበት?»

«ልጄ ይሙት! ዱቄትና ውሃ አጠጣዋለሁ እንጂ ጠብታም አላወጣሁለትም። ካልተመገበ ይሞታል። ልጄ ሲድን የመጀመሪያውን ዳቦ እጋግርለታለሁ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን ደበቁት?»

«አንቺ ቤት ያልተደበቀ ነገር ምን ተርፏል?»

ሚስትየው ጣሳውን አንስታ እቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው፤ ቧንቧውንም ከፈተችበት። አርባ ዓመት በአንድ ደቂቃ ወረደ። አሮጊቷ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትሄድ ቆመው አዩ። ባልየው «እማዬ...» ብሎ ጀመረና የተሰነጠቀ መዳፉን ሲያይ ዝም አለ። ዝምታው ነው እናቱን የሰበራቸው።

በማግስቱ ታናሽ ልጃቸው መኪና ይዞ መጣ። አማትየዋ በሩ ላይ ቆም አሉ።

«ሐኪሜ፣ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ ቤት ምንም አያርርም፣ እማማ። ደህና ይግቡ።»

ልጅቷ ሁለት ቀን አኮረፈች። ሚስትየው ቁም ሣጥኑን በሳሙና ፈትጋ «ባዶ» ብላ ለጠፈችበት። ቤቱ እንዲህ ጸድቶ አያውቅም።

ሐሙስ ዕለት እንክብሉ አለቀ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ባሏ ሲውጥ ቆማ አየችና፣ ለሻጯ ስሙን ለማሳየት ጠርሙሱን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነከረችው። ባልየው አጠገቧ ቆሞ አንገቱን ያክካል።

«አይዞህ፣ ከእንግዲህ ትድናለህ» አለችው። ወረቀቷ ተላቆ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ ሳብ አድርጋ ከሥሩ ያለውን አነበበች።

«መቶ በመቶ ንጹሕ የቢራ እርሾ።»