የበቀቀኗ ንክሻ

ሴትየዋ ጠዋት እንደወትሮዋ መስኮቱን ከፈተች፣ የበቀቀኗን ውሃ ቀየረች፣ ሱፍ ጨመረችላት። ከዚያ ጣቷን በሽቦው ቤት ቀዳዳ አስገባች። በቀቀኗ የሴትየዋን ጥቁር ቀሚስ እጅጌ ስታይ ላባዋን ነፋች፤ ክፉኛም ነከሰቻት። ሴትየዋ ጣቷን ሳትሰበስብ ዐይኗን ጨፍና ቆየች።

ታላቅ እህቷ አስካለ ስትገባ የታናሽቷ ጣት ገና ይደማ ነበር።

«ዛሬም ነከሰችሽ? ጥቁሩን ፈርታ እኮ ነው! እኔን መች ነክሳኝ ታውቃለች?» አለችና ነጭ ቀሚስ ከፌስታል አወጣች። «ለእማዬ የለበስሽውን ሳታወልቂ ባልሽ ተከተለ። አሁን የእሱም ሙት ዓመት ወጥቷል፤ በቃ!»

«እትዬ፣ ተዪኝ።»

«አልተውሽም!» አስካለ እየጎተተች ነጩን አለበሰቻት፤ ጥቁሩን ፌስታሉ ውስጥ ጠቀጠቀችው። «ለነዳያን እሰጠዋለሁ። መልሰሽ ጥቁር ብትለብሺ በልጆቼ ላይ ሞት መጥራት ነው፤ ነግሬሻለሁ።»

ከዚያ እጇን ይዛ ወደ ሽቦው ቤት ወሰደቻት። በቀቀኗ ነጩን እጅጌ አየት አደረገችና ጭንቅላቷን በቀስታ ጣቷ ላይ አሻሸች።

«አላልኩሽም? ልጅ ሆነችልሽ!» አስካለ እየሳቀች ወጣች።

ሴትየዋ ጣቷን እንደገና ወደ በቀቀኗ መንቆር ገፋች። «ንከሺኝ እንጂ» ብላ ለመነቻት።

ባሏ ታሞ በተኛባቸው ወራት፣ በቀቀኗ በነከሰቻት ቁጥር ከአልጋው ሆኖ «አይዞሽ፣ ዓለሜ» ይላት ነበር። በቀቀኗም ቃሉን ለምዳ፣ እሱ ከሞተ በኋላ በነከሰቻት ቁጥር በእሱ ድምፅ «አይዞሽ፣ ዓለሜ» ትላት ነበር። ሳትነክሳት ቃሉን ተናግራ አታውቅም።

ከዚያ ቀን ወዲህ በቀቀኗ አልነከሰቻትም። በቤቱ ውስጥ አይዞሽ የሚላት የለም።