የታላቂቱ ድንች

ታላቂቱ ድንች በቺዝ ስትሠራ ማንም አጠገቧ እንዲቆም አትፈልግም። ድንቹን ቀድሞ መቀቀል የሰነፍ ሥራ ነው ትላለች፤ ጥሬውን በጣት ውፍረት እየቆረጠች ትሪው ላይ ትደረድረዋለች። በየድርድሩ ጨው ትበትናለች። ከዚያ ሽንኩርት፣ ወተትና ክሬም፣ ከሁሉም በላይ ቺዝ። አትቀምስም። «ባለሙያ እየቀመሰ አይሠራም» ማለት ልማዷ ነው። ላዩ ቀልቶ ሲያብረቀርቅ ከምድጃው አውጥታ በአረንጓዴ ጨርቅ ትጠቀልለዋለች። ገበታ ላይ እስኪቀርብ ድረስ ያን ገጽ ማንም እንዲነካባት አትሻም።

በየወሩ የመጨረሻ እሁድ እሷና ታናናሾቿ ሁሉ እናታቸው ቤት ይሰበሰባሉ፤ እያንዳንዱም የሚበላ ነገር ይዞ ይመጣል።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ባሏ ጥሏት በሄደ ሰሞን፣ የታላቂቱ ትሪ ጥጉ ብቻ ተነክቶ ቀረ። መታጠቢያ ቤት ገብታ አለቀሰች። በሩን ከፍታ ያየቻት የትንሹ ወንድሟ ሚስት ነበረች፤ ያኔ ገና አዲስ ሙሽራ ናት። ሶፍት አቀብላት በሩን መልሳ ዘጋችው።

ታላቂቱ ይህን አልረሳችላትም። ሲያለቅሱ ያየ ሰው መናቁ አይቀርም ብላ ስለምታምን ቀድማ ናቀቻት።

በሚቀጥለው ወር ግን ቀን ወጣላት። የእሷ ትሪ ግርጌው እስኪፋቅ ተበላ። እናትየው ዓይናቸው ደክሟልና በእጃቸው ፈልገው አገኟት፤ ጉንጯን ዳሰሱና «እጅሽ ይባረክ» አሏት። ከዚያ ወዲህ አንድም ወር ተርፎባት አያውቅም።

የወንድሟ ሚስትም ድንች በቺዝ ይዛ መምጣት የጀመረችው የዚያኑ ዕለት ነው። ያውም በዚያው ዓይነት የመስታወት ትሪ፣ በዚያው መጠን፤ የተጠቀለለበት ጨርቅ ብቻ ይለያል። ታላቂቱ መዝገብ ቤት ስለምትሠራ ስም ለማውጣት አልተቸገረችም። ኮፒ አለቻት።

የኮፒን ድንች የሚደፍር አልነበረም። ታላቂቱ አንዴ ቀምሳ መዳፏ ላይ ተፋችው።

«ይሄ ጨው ውስጥ የተነከረ ጠጠር ነው» አለች። «እናትሽ ቤት ምድጃ አልነበረም እንዴ?»

«ገና እየተማርኩ ነው፣ እትዬ።»

«ቤት ስትሠራው እኮ እንዲህ አይደለም» አለ ወንድምየው፣ ሳህኑን ግራ በገባው ዓይን እያየ።

«ፍቅር ምላስ ያደነዝዛል፣ ወንድሜ። ሲለቅህ ታየዋለህ።»

ሁሉም ሳቁ። ኮፒም ሳቀች። ሰው በራሱ ላይ ሲሳቅ አብሮ የሚስቀው ሌላ አቅም ሲያጣ ነው ብላ ታላቂቱ ይበልጥ ናቀቻት።

አንድ ነገር ብቻ ይቆረቁራት ነበር። ኮፒ በየወሩ ከሁሉ ቀድማ ትደርሳለች። በር ላይ ትጠብቃትና «አምጪው እትዬ፣ ላሙቀው» ብላ ትቀበላታለች። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ትዘጋለች። አንድ ትሪ ለማሞቅ በር መዝጋት ምን አመጣው?

ባለፈው ወር ታላቂቱ ድንገት በሩን ከፈተችው። ሁለቱም ትሪዎች ጠረጴዛው ላይ ተገልጠዋል፤ አረንጓዴው ጨርቅ የኮፒ ትከሻ ላይ ነው።

«ምንድን ነው የምትሠሪው?»

ኮፒ ደነገጠች። «ምንም… ላሙቀው ብዬ ነው።» ቶሎ ብላ አንዱን በአረንጓዴው ጨርቅ ጠቅልላ አቀበለቻት። «ይኸው ያንቺ።»

ታላቂቱ ነገሩ ገባት። ሙያዋን እየሰረቀቻት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ገልጣ እያየች፣ እየቀመሰች፤ ሰርቃም አልሆነላት። ለሌብነትም እኮ ሙያ ያስፈልጋል።

ገበታ ላይ እናትየው ጠግበው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «የሚመጣው ወር ሰማንያ ዓመት ይሞላኛል። ዘመድ ከየቦታው ይመጣል። እኔ ሌላ አያምረኝም፤ የታላቋን ድንች ሦስት ትሪ ሥሩልኝ።»

ባሏ ከሄደ ጀምሮ ታላቂቱ ዘመድ ፊት ቀና ብላ ቆማ አታውቅም። ያን ቀን ልትቆም ነው። እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ ለሌባ አይተውም።

«አንድ ነገር ልለምንሽ፣ እማዬ» አለች። «ያን ቀን ይቺ ልጅ ወጥ ቤት እንዳትገባብኝ። እንዲያውም ባትመጣ ደስ ይለኛል። ትሪዬን እየከፈተች ስትሰርቀኝ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ወንድምየው ከወንበሩ ሊነሳ ሲል ኮፒ ጉልበቱን ያዝ አደረገችው።

«መቅረቱን እቀራለሁ፣ እትዬ» አለች ቀስ ብላ። «ግን ቀደም ብለሽ በእኛ በኩል እለፊ። ሦስቱንም ከደጅ ልቀበልሽና አሙቄ ልመልስልሽ።»

«እጄ አልተሰበረም።»

«አውቃለሁ። ለዚያች ቀን ብቻ…»

«ሙያ በልመና አይገኝም፣ ልጄ።»

ኮፒ አፏን ከፈተች። ገበታውን የከበበውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ አየችና መልሳ ዘጋችው።

እናትየው በረጅሙ ተነፈሱ። «በሰማንያ ዓመቴ ጠብ አልፈልግም። ትቅር እንግዲህ፤ እኔ ሌላ ቀን እክሳታለሁ።»

በቀጠሮው ቀን አርባ ያህል ዘመድ ሳሎኑን ሞላው። ወንድምየው ብቻውን መጣ፤ እህቱን በጉንጩ ጫፍ ሳማትና ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ታላቂቱ አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። ሦስቱን ትሪዎች ራሷ ተሸክማ ገባች፣ ራሷ አሞቀች፣ ራሷ ገበታው መሃል ደርድራ ገለጠቻቸው። ላያቸው እንደ ወርቅ ያበራል። ፊት ነስታት የከረመችው አክስቷ እንኳ «ተባረኪ» ስትል ሰማቻት።

የመጀመሪያውን ቆርሳ ለእናቷ አቀረበች፤ ማንኪያውንም እጃቸው ላይ አስያዘቻቸው። ሰው ሁሉ ጠበቀ።

እናትየው ጎረሱ። ጠጠር እንደነከሰ ሰው ሁለት ጊዜ አኘኩና ቆሙ። እንደምንም ዋጡት፤ ውሃ ጠጡ፤ ሳህኑንም በሁለት ጣታቸው ገፋ አደረጉት።

«ምራቴ አትመጣም አላላችሁኝም ነበር?»