ከወንበሩ ሥር የተገኘችው ወረቀት

ትርሲት በአርባ ሦስት ዓመቷ የፋይናንስ ማስተርስ ልትማር ስትመዘገብ፣ የመጀመሪያ ዲግሪዋ የታሪክ ስለነበረ፣ "በቅድሚያ የኢኮኖሚክስ መግቢያን ከአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ጋር ተምረው ይለፉ" አሏት። አንድ ጊዜ ወድቃለች። በዛሬው ፈተናም ካልተሳካላት ትሰናበታለች።

ፈተናው ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው የመጨረሻውን የፍላጎትና የአቅርቦት ግራፍ እየሣለች ነበር። መምህሩ አጠገቧ ሲደርስ ቆመና ጎንበስ ብሎ ከወንበሯ ሥር አንዲት የታጠፈች ወረቀት አንሥቶ ዘረጋት። ቀመሮቹ በሙሉ በደቃቅ የእጅ ጽሑፍ ሰፍረውባታል።

"የማን ናት?" አለ።

ትርሲት የእጅ ጽሑፉን ገና ስታየው አወቀችው። ከፊቷ የተቀመጠችው ሶልያና የምትባል ልጅ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። መንፈቁን ሙሉ አንድ ክፍል ሲማሩ፣ ሁለቱ ሰላም ሲባባሉ ያየ ሰው የለም።

"የእኔ ናት" አለች ትርሲት።

"የእርስዎ?" መምህሩ ማመን አቃተው። "እንደሚባረሩ ያውቃሉ አይደል?"

"አውቃለሁ።"

የመልስ ወረቀቷን ተቀበላት። ቦርሳዋን አንሥታ፣ ስልሳ ተማሪ ዓይኑን ጀርባዋ ላይ እንደተከለ ወደ በሩ አመራች። እጀታውን ስትይዝ ከኋላዋ ወንበር ሲጎተት ሰማችና ዞር አለች። ሶልያና ቆማለች፤ እንባዋ አገጯ ድረስ ወርዷል።

"እማዬ፣ ተመለሺ" አለች። "ወረቀቷ የእኔ ናት።"