ቢበላሽ ማንን እንጠራለን

«ነፃው ቢበላሽ ማንን እንጠራለን?» የመሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ ነፃውን የኮምፒውተር ሥርዓት ሊኑክስን ጥሎ በክፍያ የሚመጣውን ዊንዶውስ የመረጠው በዚህች አንዲት ጥያቄ ነው።

የኮምፒውተር ባለሙያው ውሳኔውን ሊፈጽም ወደ ሰርቨሩ ክፍል ወረደ። ሊኑክሱን የጫነው ይትባረክ ታሞ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ማሽኑ ግን አንድም ቀን ሳይቆም ይሠራል። ሊያጠፋው እጁን ሲዘረጋ በማሽኑ ጀርባ ላይ የተለጠፈች ወረቀት አየ፤ «ከተበላሸ በዚህ ቁጥር ደውሉልኝ። ይትባረክ።»

የሞተ ሰው ስልክ መሆኑን እያወቀ ደወለ። ገና አንዴ ከመጥራቱ ተነሣ።

«ከመሥሪያ ቤቱ ነህ አይደል? እናቱ ነኝ» አሉ አንዲት አሮጊት እያለከለኩ። «‹ይደውላሉ፤ ስልኩ እንዳይዘጋ፣ አደራ› ብሎኝ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ካርድ ስሞላ ኖሬ ዛሬ ገና ጠራ! ቆይ ልጄ፣ መነጽሬን ላምጣ፤ የሚደረገውን ጽፎልኛል።»