የአፋልጉኙ አድራሻ

የጠፉ ሰዎች ማፈላለጊያ ድረ ገጽ ባለሙያዋ የገጾቹን ረጃጅም አድራሻዎች በፍለጋ ቶሎ እንዲገኙ ጠዋት ስታሳጥር፣ አሮጌውን አድራሻ የሚከፍት ሰው ወደ አዲሱ እንዲመራ ማድረግ ረስታ ነበር። አሁን ልጃቸው የጠፋችባቸው እናት የአፋልጉኝ ወረቀት ይዘው ፊቷ ቆመው ነበር።

"የኔ ልጅ፣ እዚህ ላይ የተጻፈው አድራሻ አልከፈት አለ እኮ! ከተማውን ሙሉ ለጥፌዋለሁ!"

"ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቀመጡ፣ እማማ።"

አልተቀመጡም። ባለሙያዋ አሮጌውን አድራሻ ወደ አዲሱ የሚመራውን የጎደለ መስመር ሰርቨሩ ላይ ጻፈች፤ ተሳሳተች፤ ደግማ ጻፈች። የልጅቷ ፎቶ ስክሪኑ ላይ ወጣ።

እናትየው የልጃቸውን ጉንጭ በጣታቸው ነኩ። "እሷስ ካለችበት ሆና አድራሻውን ብትነካው ይከፈትላታል?"

"ይከፈትላታል።"

በሩ ላይ ፊታቸውን አዙረው የቆሙትን ባላቸውን አየት አድርገው ድምፃቸውን ቀነሱ። "እንግዲያው ከፎቶዋ ሥር ጻፊልኝ፤ አባትሽ አይቆጣሽም፣ ነይ በዪልኝ።"